በሰሙነ ሕማማት የገጠመ ለቅሶ፦ የአንድ የመሐል አዲስ አበባ እድር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት

ይህ ጽሑፍ በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ካሉት የድሮ ሰፈሮች በአንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሙነ ሕማማት ያረፉ የአንዲት እናት ለቅሶ ያስነሣውን አለመግባባትና የሰፈሩ እድር ጉዳዩን የያዘበትን መንገድ ይመዘግባል። በወቅቱ የእድሩ ሥራ አመራር አባል ስለነበርሁ የምጽፈው ያየሁትንና በስብሰባ የሰማሁትን ነው። የሟች፣ የልጆቻቸው፣ የካህኑ፣ የፓስተሩም ሆነ የአጥቢያዎቹ ስም አልተጠቀሰም፤ ቤተሰቡን የሚያስለዩ ጥቃቅን ነገሮችም ተትተዋል።

ጉዳዩ መመዝገብ የሚገባው ጠቡ ከባድ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአዲስ አበባ እናት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ፕሮቴስታንት የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉም በየእምነቱ እየኖረ ማዕድ ይቆርሳል። ልዩነቱ ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመመካከር የሚተርፈው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። እድሮቻችን ለድንኳኑ፣ ለመዋጮውና ለቅጣቱ ደንብ ሲኖራቸው ለዚህ ግን ብዙዎቹ የላቸውም።

ሰፈሩና እድሩ

የሰፈሩ አብዛኛው ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ወገን የሆነ የቀበሌ ቤት ነበር። ቧንቧው የጋራ፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ግድግዳው ጭቃ በመሆኑ የአንዱ ቤት ጸሎትም ሆነ ጭቅጭቅ በሌላው ቤት ይሰማ ነበር። የሰፈሩ ኑሮ የሚመራው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሌሊቱ ማሕሌትና የንጋቱ ኪዳን በድምፅ ማጉያ ይደርሳል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ሁዳዴ ሲገባ ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር፤ በእድራችንም ከሁሉም ወገን አባል አለ።

እድሩ እንደማንኛውም የሰፈር እድር ይሠራል። አባል በየወሩ ይከፍላል፤ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚና ወንበር ያወጣሉ፣ ሴቶች ከእድሩ ቤት ድስቱንና ሳህኑን አውጥተው ያበስላሉ። ድንኳኑ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን ይቆማል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት በእድሩ ውስጥ ምንም ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። ቀብሩ እንደሚፈጥን፣ የመስጊዱ ሰዎች እንደሚመሩት፣ የእኛ ድርሻ ወንበር ማቅረብ፣ መሸኘትና ማጽናናት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ያ ልማድ ለብዙ ዘመን የተበጀ ነው። ከአንድ እናት ጡት የጠቡ ልጆች በእምነት ሲለያዩ ግን እንዲህ ያለ ልማድ አልተበጀም፤ ምክንያቱም ቤተሰቡም ጎረቤቱም ልዩነቱን ጊዜያዊ አድርገው ስለሚያዩትና እንደ ቋሚ ነገር ደንብ ሊያወጡለት ስለማይፈልጉ ነው። እኔ የችግሩ ሥር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሟችና ቤተሰባቸው

ሟች በሰባዎቹ ዕድሜ የነበሩ፣ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ በአጥቢያቸው ሰበካ ጉባኤ የተመዘገቡና ክፍያቸውን ያላጓደሉ፣ የማርያም ማኅበርተኛ የነበሩ ሴት ናቸው። ታላቂቱ ልጅ ኦርቶዶክስ ስትሆን ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። መካከለኛው ወንድ ልጅ በተማሪነቱ ዘመን የወንጌላውያን አማኝ ሆኗል፤ ታናሺቱም በዚያው እምነት አግብታ ከሰፈሩ ወጥታለች። ወንድየው ወደ አዲሱ እምነት ሲገባ በእናትና በልጅ መካከል ቅዝቃዜ ነበረ፤ በኋላ ግን ልጁ በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቃቸው፣ መድኃኒታቸውንም ይገዛ ነበር። ስለ እምነት ላለመነጋገር ሳይነጋገሩ የተስማሙ ይመስላል።

እናትየው ያረፉት የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ሌሊት በድንገት ነው። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ፣ ከቀትር በኋላ ቀብሩ ተፈጸመ።

ችግሩ

ችግሩ ከሦስት አቅጣጫ በአንድ ቀን መጣ።

የመጀመሪያው የፍትሐቱ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። በዚያ ሳምንት ካህናቱ ጥቁር ይለብሳሉ፣ ምእመናን መስቀል አይሳለሙም፣ ቀኑን ሙሉ በስግደትና ግብረ ሕማማት በማድመጥ ያሳልፋሉ። በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱ ሰዎች ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ይደረጋል። ስለዚህ የእናትየው አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የተለመደው ዜማ አልተሰማም፣ ቀብሩም በጸጥታ አለቀ። ታላቂቱ ልጅ ምክንያቱን ታውቃለች። ወንድየው ግን ቤተ ክርስቲያኑን የተወው ገና ወጣት ሳለ ስለሆነ የሚያስታውሰው በአባቱ ቀብር የሰማውን ረጅም ፍትሐት ነው። በዚያ ላይ ከመቃብሩ ሲመለሱ አንድ ሰው፣ ልጆቿ ጴንጤ ሆነውባት እንዲህ ሆነች ሲል ሰማ። ወደ ድንኳኑ ገብቶ የእድሩን ሊቀመንበር፣ «በእኛ ምክንያት ነው እናታችንን ያለ ጸሎት የቀበራችኋት?» ሲል በሰው ፊት ጠየቀ። ሊቀመንበሩ የጠበቀው ጥያቄ ስላልነበረ፣ «ሥርዓቱ ነው» ብለው ብቻ አለፉ፤ መልሱ አጭር መሆኑ ልጁን ጥርጣሬው እውነት እንደሆነ አሳመነው።

ሁለተኛው የመዝሙሩ ጉዳይ ነው። ረቡዕ አመሻሹ ላይ የወንድየውና የታናሺቱ የእምነት ወንድሞችና እህቶች ብዙ ሆነው ሊያጽናኑ መጡ። በእነርሱ ዘንድ ሐዘንተኛን ማጽናናት ማለት ቃል ማካፈልና በመዝሙር ማበረታታት ነው፤ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ይዘው የመጡትም ለወዳጃቸው ካላቸው ፍቅር ነው። ሰፈርተኛው ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ሲሰግድ ውሎ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ከበሮ በማይመታበትና እልልታ በማይሰማበት ሳምንት ወደ ለቅሶ ቤት የመጣ ነው። መዝሙሩ ሲጀመር ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ፤ አንዳንድ ወጣቶች ድንኳኑ የእድሩ ነውና ይነቀል እስከማለት ደረሱ። ታላቂቱ እኅቷንና ወንድሟን እንዲያስቆሙ በእንባ ለመነች። ወንድየው «የኔም እናት ናት» አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሦስተኛው ለውጭ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ የሴቶቹን እድር ያስቆጣው ግን ከሁሉ ይበልጥ እርሱ ነው። ከእንግዶቹ አንዷ ለሚያለቅሱት ልጆች አስባ ወተት ገዝታ በማፍላት በእድሩ ፔርሙዝ ጨመረችው። የእድሩ ዕቃ በጾም ወራት የጾም ብቻ ሆኖ ይጠበቃል፤ በመጨረሻው ሳምንት፣ ከነገ ወዲያ አክፍሎት ሊይዙ የተዘጋጁ እናቶች ባሉበት፣ ዕቃው ፈሰከ። ልጅቱ ይህን አላወቀችም፤ የነገራትም አልነበረም። ከሴቶቹ ሁለቱ ሽርጣቸውን አውልቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከእነዚህ በስተጀርባ ገና ያልተነገረ አራተኛ ነገር ነበር፤ እድሩ የሚከፍለው ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥና ለአርባው ተዝካር ይውል እንደሆነ። ታላቂቱ ለተዝካር ትፈልገዋለች። ታናናሾቹ ለሙታን በሚደረግ ጸሎትና ድግስ ስለማያምኑ በስማቸው ለዚያ እንዲወጣ አይሹም። መዝገቡ ላይ ያለው የሟች ስም ብቻ ነው፤ ተቀባይ አልተጻፈም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሥራ አመራሩ በመጀመሪያ ያደረገው ያን ዕለት ማታ ካህኑንና ፓስተሩን አንድ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ሁለቱም የተከበሩና ጨዋ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የየወገናቸው ሰው ከጎናቸው ተቀምጦ ስለነበር ንግግሩ ብዙም ሳይቆይ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ምልጃና ስለ ሙታን ወደሚደረግ ጸሎት ገባ። ለዘመናት ያላለቀ ክርክር በአንድ ምሽት በለቅሶ ቤት ያልቃል ተብሎ አይጠበቅም። ሁለቱም ሳይሰዳደቡ ተለያዩ፤ ሆኖም ጠቡ ከቤተሰብና ከጎረቤት ወጥቶ የሁለት ቤተ እምነት ጠብ መምሰል ጀመረ።

ቀጥሎ ከአመራሩ ግማሹ በደንቡ መሠረት ቅጣት ይጣል አለ፤ ደንቡ ሲነበብ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልተገኘም። አንድ አባል የሃይማኖት ነጻነትን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 ጠቀሰ። አንቀጹ ማንም እምነቱን እንዳይከለከል ይጠብቃል፤ በድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያ ይከፈት አይከፈት ለሚለው ግን መልስ አይሰጥም። ሁለቱም ሐሳብ ተተወ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ አንዲት ከሴቶች እድር የሆኑ እናት፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ኦርቶዶክስ አባት፣ አንድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በእድሩ ድንኳን ተካይነት የሚታወቁ የወንጌላውያን አማኝ። ሦስቱም የሟች ወዳጆች ነበሩ። እነርሱ ማንንም ከማንም ጋር አላገናኙም፤ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ከድንኳኑ ውጭ፣ እናትየው ቤት ጓዳ ውስጥ አስቀምጠው ሰሙ። ጥያቄያቸው «ማን ጥፋተኛ ነው» የሚል አልነበረም፤ «ምን ከበደህ፣ ምን ከበደሽ» የሚል ነበር። ወንድየውን የከበደው መዝሙሩ መከልከሉ ሳይሆን እናቱ በእርሱ ምክንያት ያለ ጸሎት ተቀበሩ የሚለው ሐሳብ መሆኑ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ስለ መዝሙር ሲከራከር የዋለው ሰው ሕመሙ ሌላ ነበር።

ሐሙስ ማታ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በኋላ የእናትየው የንስሐ አባት ብቻቸውን መጡና ወንድየውን አነጋገሩት። ስለ ትምህርተ ሃይማኖት አልተናገሩም። የሆሳዕናውን ሥርዓት ካስረዱት በኋላ ታላቂቱ እናቷ በዚያ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ይዘው የመጡትን ዘንባባ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ አንሥታ አሳየችው። ካህኑ፣ «እናትህ ፍትሐታቸውን በገዛ ጆሯቸው ሰምተው ነው ያረፉት» አሉት። ልጁ እምነቱን አልለወጠም፤ እንዲለውጥም አልተጠየቀም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እድሩን ወይም ሰፈሩን ሲወቅስ የሰማው የለም፤ ረቡዕ የተናገረውንም በራሱ ፈቃድ ለሊቀመንበሩ ይቅርታ ጠይቆ አነሣ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ቀላል ሆነ። በድንኳኑ ውስጥ ማንም ድምፅ ማጉያ እንዳይከፍት፣ የወንጌላውያኑ ምእመናን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ እንዲዘምሩና እንዲጸልዩ፣ ጎረቤቱ ደግሞ በድንኳኑ ውስጥ እንደልማዱ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ፔርሙዟንና ሌላ የተነካካውን ዕቃ ወተቱን ያፈላችው ልጅ ራሷ ከአንዲት የእድሩ እናት ጋር ሆና በሙቅ ውኃና በአመድ አጠበች። ሽርጣቸውን ያወለቁት ሴቶች ተመለሱ፤ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም ከየቤቱ ወደ ድንኳኑ ገባ።

የዓርቡ ውሎ

ሣልስቱ የዋለው ስቅለት ዕለት ነው። በዚያ ቀን ኦርቶዶክሱ ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውል ድንኳኑን የሚጠብቅ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ለቅሶ ደራሽ የሚቀበል፣ ውኃ የሚቀዳ ተረኛ አይገኝም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት የወንጌላውያን አማኝ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሰብስበው ተራውን ያዙ፤ ሁለት ሙስሊም ጎረቤቶችም አብረዋቸው ዋሉ። ረቡዕ ዕለት የኪቦርድ ገመድ ሲዘረጉ የነበሩት ልጆች ዓርብ ዕለት እድሩ ባስቀመጠው ቦታ ወንበር ሲደረድሩ፣ ሽንኩርት ሲልጡ ዋሉ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ሕዝቡ ስግደቱን ጨርሶ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድንኳኑ ተጠርጎ፣ ሽሮውና ምስሩ በስሎ ጠበቀው። ድንኳኑን ያፈረሱት አብረው ነው። ከስብሰባውም ከስምምነቱም ይልቅ የሰፈሩን ልብ የመለሰው ይህ ሥራ ነው።

ያልሠራው

ሁሉም ነገር አልተፈታም። የተዝካሩ ጉዳይ ሽማግሌዎቹን አደከማቸው። በመጨረሻ ከእድሩ ክፍያ የቀብሩና የድንኳኑ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ለሦስቱ ልጆች እኩል ተከፈለ፤ እያንዳንዱም ድርሻውን እንደ ኅሊናው እንዲያውለው ተባለ። ታላቂቱ በድርሻዋና በማርያም ማኅበርተኞች እርዳታ በአርባው ቀን ነዳያንን አበላች። ወንድየው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት አልመጣም፤ ከቀትር በኋላ ግን ቤት መጥቶ እንግዳ አስተናገደ። ታናሺቱ አልመጣችም። በእኅትማማቾቹ መካከል የተፈጠረው ኩርፊያ ከመንፈቅ በላይ ቆይቷል፤ ሽማግሌ ሊፈታው አልቻለም። ገንዘቡን ማካፈል ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ታላቂቱ ብቻዋን እንደተተወች እንዲሰማት አድርጓል፤ ያ ስሜቷም ከንቱ አይደለም።

ከመቃብሩ ሲመለስ ያን ክፉ ቃል የተናገረውን ሰው ማንም በግልጽ አልገሠጸውም። ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ዕድሜው ተከብሮ ታለፈ። መታለፉ በእኔ አስተያየት ልክ አልነበረም።

ደንቡ እንዴት ተሻሻለ

ከፋሲካ በኋላ በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገሮች በደንቡ ገቡ። አባል በሕይወት ሳለ የት መቀበር እንደሚፈልግ፣ በየትኛው ሥርዓት፣ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነና የእድሩ ገንዘብ ለማን እንደሚከፈል የሚያስመዘግብበት ቅጽ ተዘጋጀ። የእድሩ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ እንዲሠራበት፣ ፍስክ የሚፈልግ በራሱ ዕቃ እንዲያዘጋጅ ተወሰነ። የማንኛውም እምነት ቢሆን በድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተከለከለ።

የመጨረሻው ውሳኔ ያስቆጣው ብዙዎች እንደጠበቁት የወንጌላውያኑን ወገን ብቻ አይደለም። በሣልስትና በተዝካር ሰባኪ ጋብዘው በማጉያ ያሰሙ የነበሩ ኦርቶዶክስ አባላትም ተቃወሙ። ጉባኤው ለአንዱ ብቻ የሚሠራ ክልከላ ደንብ ሊባል አይችልም ብሎ ጸና፤ የተከበረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቅጹ በመጀመሪያ ከሸፈ። የእድሩ ጸሐፊ በወር ክፍያ ቀን ሲያድለው አረጋውያኑ በቁማቸው ስለ መቃብራቸው መጠየቃቸውን እንደ ሟርት ቆጠሩት፤ ብዙዎችም ባዶውን መለሱት። ከዚያ የሴቶች እድር ሥራውን ተረከበ። እናቶቹ ቅጹን ይዘው በየቤቱ ሄደው፣ ቡና ተፈልቶ፣ የዚያችን እናት ለቅሶ እያነሡ ሲጠይቁ ሰው ያለ ቅሬታ ተናገረ፤ ማንበብ የማይችሉትን እነርሱ ጻፉላቸው። አንዳንዶች ልጆቻቸው ባሉበት ስለተናገሩ፣ ቤተሰቡ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጉዳዩ ተነጋገረ።

ሌሎች እድሮች ሊወስዱት የሚችሉት

ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠመው እድር የሃይማኖት አባቶችን በአንድ ጉባኤ ከማገናኘቱ በፊት ሐዘንተኞቹን ለየብቻ ቢሰማ ይሻለዋል። በጩኸት የሚነገረው ቅሬታና በልብ ያለው ሕመም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ካህንም ፓስተርም እጅግ የሚጠቅሙት ለራሳቸው ሰው ወይም ጥያቄ ላለው አንድ ሰው፣ ያለ ተመልካች ሲያስረዱ ነው። ሽማግሌ ሲመረጥም ከየእምነቱ አንድ ማስገባት ብቻውን አይበቃም፤ ሟችን የሚወዱና በድንኳን ሥራ የታወቁ መሆናቸው ነው ያስደመጣቸው።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለማያውቀው ሰው አስቀድሞ ይነገር። በሰሙነ ሕማማት ሰው ሲሞት ለቤተሰቡና ለእንግዶቹ ፍትሐት ለምን እንደማይደረግ፣ ዕቃው ለምን እንደሚጠበቅ፣ ምግቡ ለምን እንደሚዘገይ የሚነግር አንድ ሰው ገና ከጥሩምባው ጀምሮ ቢመደብ፣ ከላይ ከተጻፉት ሦስት ችግሮች ሁለቱ ባልተፈጠሩ ነበር። በተገላቢጦሹም የወንጌላውያኑን ማጽናናት ምንነት ለጎረቤት የሚያስረዳ ያስፈልጋል፤ እኛ ጋ እንደ ፌዝ የታየው መዝሙር በእነርሱ ዘንድ ለቅሶ ነው።

ለሁሉም በአንድነት የማይፈቀድ ነገር ካልሆነ በቀር ክልከላ ባይጻፍ ጥሩ ነው። ሥራ ግን ለሁሉም ይከፋፈል፤ በስቅለት፣ በዒድ፣ በእሑድ ጠዋት ተረኛ የሚሆነው ሌላው ወገን እንዲሆን አስቀድሞ ቢመደብ እድሩ ሰውም አያጣም፣ አባላቱም ይተዋወቃሉ። የእኛ እድር ይህን ያወቀው በአጋጣሚ ነው፤ አሁን በተረኛ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤቶች ሲነሡ ከአባሎቻችን ገሚሱ ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች ሄደዋል፤ ወርኃዊውን እየከፈሉ ለቀብር የሚመጡት አሁን በታክሲ ነው። ስለ ሟች ፈቃድ የሚመሰክር የግድግዳ ጎረቤት ስለሌለ የተሞላው ቅጽ ከቀድሞው ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ቅጹ በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ በእድሩ ጸሐፊ፣ ሌላው አባሉ በመረጠው ሰው እጅ ይቀመጣል፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚለወጥ ነገር ካለ ይጠየቃል።